በትምህርት ቤት እንግዶች ነን ወይስ የቤት ልጆች?



ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ስለ ስሜታቸውም እንደሚጠየቁ ታውቁ ይሆን? በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት «ሜይጻቭ» የሚባል መለኪያ ነበር። ከሒሳቡና ከቋንቋው ፈተና ሌላ ከአምስተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች መጠይቅ ይሰጥ ነበር፤ ትምህርት ቤት መምጣት ደስ ይልሃል ወይ፣ መምህራኑ ያስቡልሃል ወይ የሚል። «ፒዛ» የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተናም (የሚበላው አይደለም) የ15 ዓመት ልጆችን እንዲሁ ይጠይቃል። አንዱ ዓረፍተ ነገር «በትምህርት ቤቴ ባይተዋርነት ይሰማኛል» የሚል ነው፤ ተማሪው ምን ያህል እንደሚስማማ ከአራት መልሶች አንዱን ይመርጣል።

መጠየቁን እወደዋለሁ። ጄኒፈር ፍሬድሪክስ የተባለች ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፈችው፣ ተማሪ ከትምህርቱ ጋር የሚተሳሰረው በሥራው፣ በስሜቱና በሐሳቡ ነው። የቤት ሥራውን ሁሉ የሚሠራ ልጅ ልቡ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ውጤት ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያውቅም።

ችግሩ እኛ የምንመልሰው መልስ ላይ ነው። አንድ ቀን ስለ መጠይቁ ለአያቴ ልነግራት ፈለግሁ። «ሻያኹት» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል በአማርኛ ምን ልበላት? «በትምህርት ቤት የቤት ልጅ ነሽ ወይስ እንግዳ ማለታቸው ነው» አልኳት። እሷም «እንግዳ ብትሆኚስ ምን አለበት? እንግዳ ይከበራል» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ እንግዳ ይከበራል። ነገር ግን እንግዳ የቀረበለትን ወጥ ጨው አንሶታል አይልም። ሲርበው ተነሥቶ ከሞሰቡ እንጀራ አያነሣም። «ብላ» እስኪሉት በጨዋነት ይጠብቃል። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ በክፍል ውስጥ የሚቀመጡት እንደዚህ ነው። በታላቅ ሰው ፊት ዓይናችንን ዝቅ እንድናደርግ አሳድጋችሁናል። «መምህሩ በደንብ ያስረዳል?» ስንባል «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት እናደርጋለን። አንዳንዴ በእርግጥ በደንብ ስለሚያስረዳ ነው፤ አንዳንዴ ግን መምህርን ማማት ነውር ስለሆነ ነው። ወረቀቱን የሚሰበስበው ሰው ሁለቱን በምን ይለያል?

በሌላ በኩል ዝም ያለውን ልጅ «አይሳተፍም» ይሉታል። በክፍል እጃቸውን የማያወጡ፣ ነገር ግን በአውቶቡስ ውስጥ ስለ ታሪክ ትምህርት ሲያወሩ መውረጃቸው የሚያልፋቸው ጓደኞች አሉኝ። እነሱስ ትምህርቱን አልወደዱትም?

ደግሞ አማካይ የሚባል ነገር አለ። በክፍላችን 30 ተማሪዎች ነን፤ ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የመጣነው ሦስት ነን። ሦስታችንም ባይተዋርነት ይሰማናል ብንል፣ ሌሎቹ ደስተኞች ከሆኑ ወረቀቱ «90 በመቶ ደህና ነው» ይላል። በዚህ ቁጥር የሚደነግጥ ርእሰ መምህር የለም።

በወላጆች ቀን ደግሞ አስተርጓሚዎቹ እኛው ነን። አባት «ትታዘዛለች ወይ?» ይላል። መምህርቷ «ጸጥተኛ ናት፣ ጨዋ ናት» ትላለች። አባት ደስ ብሎት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፤ አምስት ደቂቃው አልቋል። እኔ መሐል ተቀምጬ የሁለቱንም ቃል አመላልሳለሁ፤ ስለ ራሴ ቃል አልጨምርም። አስተርጓሚ አይጨምርም።

ባለፈው ዓመት ግን እናቴ ሌላ ነገር ጠየቀች። «ልጄ በክፍል ውስጥ ስትስቅ አይተዋት ያውቃሉ?» አለች። ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው ያንን አክብሮት ማስተላለፍ አልቻልኩም፤ ጥያቄውን ግን አስተላለፍኩ። መምህርቷ የውጤት ወረቀቱን አየች፤ እዚያ አልተጻፈም። ከዚያም ቀና ብላ እኔን አየችኝ።