“ይሄ ጌም የምትሉት ነገር እንጀራ ይሆናል?”

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የጭነት መኪና፣ ጋራዥና ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ታዲያላችሁ እዚያ ቤት ደጃፍ ቆማችሁ አሥር ልጅ “ወደፊት ምን ትሆናለህ?” ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሁለት ሦስቱ “ጌም እሠራለሁ” ሳይሏችሁ አይቀሩም። ደስ ይላል! የእኔ ሥራ ፕሮግራም መጻፍ ስለሆነ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ “እንዴት ነው የሚጀመረው?” እያለ ወደ እኔ ይመጣል።

የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው። ዶሮ ወጥ መብላት ሌላ፣ ዶሮውን 12 ቦታ መበለት ሌላ! ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጫወት የሚውል ልጅ ጣቱ ይፈጥን ይሆናል፤ ጌም የሚሠራው ግን በዚያ ጣት አይደለም።

ከእነዚህ ልጆች የአንዱ እናት በቅርቡ እቤቴ ድረስ መጡ። በፋብሪካ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቡናውን እንኳን ሳይጨርሱ፣

“እስቲ እውነቱን ንገሪኝ የኔ ልጅ” አሉኝ። “ይሄ ጌም የምትሉት ነገር እንጀራ ይሆናል? ዕቁቤ ሊደርሰኝ ነው። ልጁ ላፕቶፕ ግዢልኝ እያለ ነፍሴን አወጣው። ጣራው ደግሞ እያፈሰሰብኝ ነው።”

ላፕቶፕ ወይስ ቆርቆሮ! ምን ትላላችሁ?

እኔ ያለውን ነገርኳቸው። እዚሁ አዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት አለ። “ኩኩሉ” የሚባለው ጌሙ ላይ ዶሮዋ ወጥ ላለመሆን ነፍሷን ይዛ ትሮጣለች፤ “ገበታ”ንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ስለዚህ የማይሆን ነገር አይደለም። ግን አገራችን ውስጥ ጌም ሠርቶ ብቻ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። “ጌሙ ብቻውን እንጀራ ላይሆን ይችላል እትዬ፤ ሙያው ግን ይሆናል። የባንክም የሱቅም ፕሮግራም የሚጻፈው በዚሁ ሙያ ነው” አልኳቸው። “ብቻ ላፕቶፑን ከመግዛትዎ በፊት ልጁን ሁለት ወር ይስጡኝ፤ በስልኩና በደብተሩ እንየው።”

ምን አስተማርሽው ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ያሳየሁት ጌም ራሱ ምን እንደሆነ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚሮጥ ነገር የለም፤ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚሳል ሥዕል ነው ያለው። በአንዱና በሌላው ሥዕል መካከል ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሴኮንድ አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ጣታችሁ የት እንደነካ ያነባል፣ ሁሉም ነገር የት መድረስ እንዳለበት ያሰላል፣ ከዚያ እንደገና ይስላል። አንዲት ዶሮ እንድትዘል ከፈለጋችሁ ወደ ላይ የሚወስዳት ፍጥነት ትሰጧታላችሁ፤ በየሥዕሉ ከፍጥነቷ ትንሽ ትንሽ ትቀንሳላችሁ፤ ዜሮ ሲሆን ጫፍ ደረሰች፤ ከዜሮ ሲወርድ ትወድቃለች። ይሄ እኮ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፉበት ፊዚክስ ነው! አሳዳጇ ምን ያህል እንደቀረባት የሚነግራችሁ የፓይታጎረስ ቀመር ነው፤ ነገር ለማዞር ደግሞ ሳይንና ኮሳይን አለ። “ሒሳብ አልወድም” የምትሉ አትዘኑ፤ ጌም ሥዕልና ድምፅም ይፈልጋል፣ በዚያ በኩል ሞክሩ።

ቋንቋውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ፓይተንም ሆነ ሲ ሻርፕ አንዱን ያዙ። ዩኒቲ የሚባለው መሥሪያ ለጀማሪ ነፃ ነው፤ ጎዶ ደግሞ ለሁሉም ነፃ ነው። የትኛው ይሻላል እያሉ ወር ሙሉ የሚከራከሩ ልጆች አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፉም። ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነውና ንባቡን አትናቁት።

ለልጁ የሰጠሁት የቤት ሥራ ገበታ ነበር። 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ ባጠቃላይ 48። ማሽኑ ጉድጓድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ተራ ቁጥር ያላቸው 12 ቁጥሮችን ነው። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው እንዲዞር የሚያደርገው ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው፤ አራተኛ ክፍል የተማራችሁት! አንዲት ነገር ብቻ አዘዝኩት፦ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ያለውና የተበላው ተደምሮ 48 ይሁን።

በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። አልፎ አልፎ 47 ይላል! ሁልጊዜ ቢሆን እኮ በቀላሉ ይገኝ ነበር። ሁለት ሌሊት ፈለገው፤ በመሀል መብራት ሲሄድ በሻማ ደብተሩ ላይ ጠጠር እየሣለ ቆጠረ። በመጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? ፕሮግራሙ ጠጠሮቹን መጀመሪያ ያድላል፣ ያነሳበትን ጉድጓድ ባዶ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ነው። 12 ጠጠር ያለው ጉድጓድ ሲነሳ የመጨረሻዋ ጠጠር ዞራ እዚያው ትገባለች፤ ከዚያ ባዶ ሲያደርገው እሷም ትጠፋለች። ሁለቱን መስመር ቦታ አለዋወጠ፣ አለቀ! ከሌሊቱ 7 ሰዓት “አገኘኋት!!” የሚል መልእክት ላከልኝ። እኔ ያን ጊዜ ነው ይሄ ልጅ ይሆናል ያልኩት።

“ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፍልኝ የለም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። ይጽፋል እንጂ! ገበታን በደቂቃ ይጽፍላችኋል። ግን 47 ሲል፣ 48 መሆን እንደነበረበት ማን ያውቃል? ደግሞስ የትኛውን ገበታ? አንድ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጥ የገበታ አጨዋወት መዝግበዋል።

እናትየው ዕቁቡ ሲደርሳቸው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዙ። ጣራው ለጊዜው ላስቲክ ለብሷል። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁ፦ የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን ቢጥል ላፕቶፑ ይሸጣል። ልጁ የሚያልመው እዚሁ ቂሊንጦ ያለውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሶፍትዌር ምህንድስና አለው፤ ያለ ውጤት ግን በሩ አይከፈትም።

ባለፈው እሑድ እናትየውን ላፕቶፑ ፊት አስቀምጦ ገበታውን አጫወታቸው። ጥቂት ተጫወቱና ጣታቸውን አነሱ። “ይሄ ምንድነው? የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ውስጥ ከወደቀች አንስተህ ትቀጥላለህ እንጂ ትቆማለህ እንዴ! በእኛ አገር እንዲህ አይደለም!” ልጁ ሳቅ እያፈነው ደብተሩን አወጣና “እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ እማዬ” እያለ መጻፍ ጀመረ።