የቤት ሥራው ለእኔ ነበር

ባለፈው ወር የልጄ ክፍል «የእናታችሁ ወይም የአባታችሁ ሥራ ምንድን ነው? በአማርኛ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ተሰጠው። ልጄ እርሳሱን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለ። «እማዬ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

የፊዚክስ ተመራማሪ ነኝ። አራት ኪሎ ተምሬ ጀርመን ከመጣሁ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ከብረታ ብረት ኦክሳይድ ጋዝ የሚለይ ሴንሰር መሥራት ነው። ይህንን በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ስንት ጉባኤ ላይ አቅርቤዋለሁ። በአማርኛ ግን «እ... ኦክሳይድ የሚባል ነገር አለ» ብዬ ቆምኩ።

«ኦክሳይድ ምንድን ነው?»

ቃል ስፈልግ ቆይቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ዝገት ታውቃለህ? ብስክሌትህ ላይ ያለው ቀይ ነገር? ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚመጣ ነው። እሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ የእኔ ደግሞ የቲን ኦክሳይድ፣ ነጭ ዱቄት።»

«እና አንቺ ዝገት ነው የምትሠሪው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ። የዱቄቱ ቅንጣት ከ10 ናኖሜትር ያንሳል፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር አየር የሚነካው ገጽ ይበዛል። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ስናሞቀው ከአየር የመጣ ኦክስጅን ገጹ ላይ ይለጠፍና ኤሌክትሮኖቹን ይይዝበታል፤ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያልፍም። እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለ ጋዝ ሲመጣ ያንን ኦክስጅን ይወስደዋል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፣ ኤሌክትሪኩም በቀላሉ ያልፋል። እኛ ለውጡን እንለካለን። ናኦዮሺ ታጉቺ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ መብት የጠየቀው በዚሁ በቲን ኦክሳይድ ነው።

ችግሩ ይህ አፍንጫ ብዙ ነገር ያሸታል፤ የቱ የቱ እንደሆነ ግን አይለይም። አንድ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት ልኬት ባልደረባዬ እጁን በአልኮል ሲያጸዳ ተበላሸ። የአየር እርጥበትም ያሳስተዋል። ዕድሜዬ ያለቀው ይህንን በማስተካከል ነው ማለት ይቻላል።

ልጄ አራት ዓረፍተ ነገር ጽፎ አንድ ቀረው። የመጀመሪያው «እናቴ የማይሸት ጋዝ የሚያሸት አፍንጫ ትሠራለች» ይላል።

እሁድ አዲስ አበባ ስንደውል ለአያቱ አነበበላት። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «የማይሸት ጋዝ ደግሞ የምን ጋዝ ነው?» አለች።

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። «የከሰል ነው እማዬ» አልኳት። «ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላም በኋላ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል።»

ስምንት ዓመቴ እያለ፣ ክረምት ላይ፣ የእናቴ ታናሽ እህት የከሰል ምድጃ ክፍሏ አስገብታ ተኛች። ጠዋት አልነቃችም። እናቴ ሌሊት በሩን ገርበብ አድርጋ አይታት ነበር። ስለዚያ ሌሊት ቤታችን ውስጥ አይወራም። እዚህ ሥራ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ሰው ሲጠይቀኝ «ስኮላርሺፕ አግኝቼ» እላለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም።

«አይቻት ነበር እኮ» አለች እናቴ። «ምንም አልሸተተኝም። ይሄን ሁሉ ዘመን አፍንጫዬን ስረግም...»

«ማንንም አይሸተውም እማዬ። እኔንም አይሸተኝም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

መልስ አጣሁ። ለብዙ ሰው ያስረዳሁትን ነገር ለእናቴ በቋንቋዋ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ሥራዬ በአማርኛ አይነገርም ብዬ ትቼው ነበር። የተማርኩት ግን ያንን አንድ ነገር ልነግራት ይመስለኛል።

ውድ ወላጆች፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ ለቡናም ለዕጣንም ብላችሁ ቤት ውስጥ ከሰል አታንድዱ፤ ፍሙ ቀልቷል ብላችሁ አትዘናጉ። ተራው የጭስ ማንቂያ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለይም፤ ለእሱ የተሠራ ማንቂያ ግዙ። ሁለተኛ፣ ልጃችሁ ሥራችሁን በአማርኛ ሲጠይቃችሁ «ይሄ በአማርኛ አይባልም» አትበሉ። ሹፌርም ሁኑ ነርስ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ፣ እየተንተባተባችሁም ቢሆን ንገሩት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጄ ደብተሩን ከፍቶ የቀረውን አምስተኛውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፦ «አያቴ ጥፋት የለባትም።»