ቁናውን በዓይኔ ልየው

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አንኮበር የተጓዘ፣ ከዚያም ያንን ጉልበት የሚያንቀጠቅጥ ቁልቁለት የወረደ ሰው አሊዩ አምባን ያገኛታል። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ያሳደገችኝም አክስቴ ናት። እኔና ልጆቿ «እቴቴ» እያልን የምንጠራት ይህች ሴት በገበያ ቀን ማሽላና ጤፍ፣ አልፎ አልፎም ማሾ እየሰፈረች በመሸጥ ሦስት ልጆቿንና እኔን ያለ አባወራ አሳድጋለች።

እቴቴ ፊደል አልቆጠረችም። በስፍር ግን የሚያታልላት ሰው አልነበረም። እህል ስትገዛ ከሰፋሪው ፊት ቁጢጥ ትልና «ቁናውን በዓይኔ ልየው» ትላለች። ስትሸጥም እንደዚሁ ገዢው ፊቱን ካላዞረላት እጇን ወደ እህሉ አትሰድም። «ያላየው ስፍር ቢሞላም ጎደለ ይባላል» የምትለው ቃል ዛሬም በጆሮዬ አለ።

ይህን ልማድ ከገበያው የወረሰችው ይመስለኛል። አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከአፋር ቆላ በግመል የሚጫን ጨው፣ ከሐረር በኩል የሚመጣ ሸቀጥና ከደጋው የሚወርድ እህል እዚያ ይገናኙ ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና አማራው ቋንቋውም ሃይማኖቱም ሳይገጥም በአንድ ሜዳ ውሎ በሰላም ይለያይ ዘንድ፣ ቆጠራው በሁሉም ዓይን ፊት መደረግ ነበረበት።

እህቶቼ፤ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ገበያ ላወጋችሁ ፈልጌ አይደለም። ስለ ምርጫ፣ ይልቁንም ውጤቱ ስላጣላ ምርጫና አንዲት እናት ስለምትሰጠው ድምፅ ላጫውታችሁ ብዬ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት የፓርቲዎቹን ክርክር በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ለማየት ሰው እርስ በርሱ ይጋፋ ነበር። ሚያዝያ 29 እና 30 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በተከታታይ የወጣው ሕዝብ ወሬም እኛ ዘንድ ደርሷል። እቴቴ በዚያ እሑድ ገና ሳይነጋ ቀስቅሳኝ ወደ ምርጫ ጣቢያው ይዛኝ ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ማንበብ ስለማትችል የምትመርጠውን በምልክቱ ለይታ፣ ጣቷን በቀለም አስነክታ ወጣች። ማንን እንደመረጠች ብጠይቃት «ይሄ የእኔና የሳጥኑ ጉዳይ ነው» ብላ ሳቀች። ያን ቀን የነበራትን ፈገግታ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቆጠራው ሳያልቅ ገዢው ፓርቲም ተቃዋሚዎቹም አሸንፈናል አሉ። አቤቱታው በዛ። በ31 የምርጫ ክልሎች ምርጫው በነሐሴ ወር እንደገና ተካሄደ። በመጨረሻ በታወጀው ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። የአዲስ አበባ 23 የምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ የቅንጅት ሆኑ። ጠቡ ግን በዚህ አልበረደም። ሰኔ 1 ቀን 1997፣ ቀጥሎም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ጀምሮ በነበሩት ቀናት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል።

የእቴቴ የበኩር ልጅ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዕድሜው 19 ነው። በጥቅምቱ ሁከት ከብዙ የሰፈሩ ወጣቶች ጋር ተይዞ ተወሰደ። የት እንዳለ ሳናውቅ ከሁለት ወር በላይ ቆየን። እቴቴ በገበያ ቀን እህሏን ዘርግታ ትቀመጥና ሰፍራ ትረሳለች፤ ገዢው «አራተኛው ነው» ሲላት «ሦስተኛው አይደለም?» ትላለች። በስፍር የማትሳሳተው ሴት ቁጥር ጠፋባት። አንድ ሌሊት ምድጃው ዳር ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፤ «ያን ወረቀት ሳጥን ውስጥ ስከት፣ ልጄንም አብሬ ከትቼ ኖሯል?»

ምን ልመልስላት? ዛሬ ጋዜጠኛ ሆኜም ለዚያ ጥያቄ የሚበቃ መልስ በቀላሉ አላገኝም።

ልጇ ከስቶና ተጎሳቁሎ ቢሆንም ተመለሰላት። እርሷ ግን «ከእንግዲህ ወረቀት አልነካም» አለች፤ እንዳለችውም አደረገች። በ2002 አልመረጠችም፤ ያን ጊዜ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ። በ2007ም አልመረጠችም፤ ያን ጊዜ ደግሞ 547ቱንም ወሰዱ። የቀበሌ ሰዎች መጥተው ሲቀሰቅሷት ቡና ታጠጣቸውና «እኔ ስፍሩን አላየሁትም» ብላ ትሸኛቸዋለች።

ልጇ በ2003 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ሄደ። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ቤተሰብ መሥርቷል፤ ዜግነትም ወስዷል። እቴቴ ደግሞ በ2012 ልጄን ልታሳድግልኝ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጣች።

ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ለገና ዋዜማ ወጥ እየሠራሁ ሳለሁ በማታው ቴሌቪዥን የዋሽንግተን ወሬ መጣ። በምርጫ የተሸነፉት የፕሬዚዳንት ትራምፕ ደጋፊዎች የሕዝብ እንደራሴዎች ያሉበትን ሕንፃ በር ሰብረው ሲገቡ ይታያል። እቴቴ ብድግ አለች። «ይሄ የልጄ አገር አይደለም እንዴ? ደውይልኝ!» አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኩ ሲነሣ የመጀመሪያ ቃሏ «ወረቀቱን ነክተሃል?» የሚል ሆነ። «አዎ እማዬ፣ በጥቅምት መርጫለሁ፤ አሁን ግን ቤቴ ነኝ፤ ማንም አይነካኝም» አላት። ስልኩን ዘግታም ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች። ኋላም «እዚያም ይጣላሉ?» አለችኝ።

እኔም የማውቀውን ነገርኳት። አሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በጠቅላላው የሕዝብ ድምፅ ድምር አይደለም። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የተመደቡለት መራጮች አሉት። የሁሉም ድምር 538 ሲሆን 270 ያገኘ ያሸንፋል። በ1993 ዓ.ም. ጥቅምት 28 ቀን በተደረገው ምርጫ አል ጎር በመላው አገሪቱ ከተፎካካሪያቸው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ብልጫ ድምፅ ነበራቸው። ነገር ግን ሁሉም ነገር በፍሎሪዳ ላይ ተንጠለጠለ። እዚያ ወረቀቱን በመብሳት ይመረጥ ነበርና ቀዳዳው በቅጡ ያልተበሳው ወረቀት ለማን ይቆጠር? ዳኞችና ጠበቆች ለአምስት ሳምንት ያህል ተከራከሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድጋሚ ቆጠራው ይቁም አለ። ጆርጅ ቡሽ በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ብልጫ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አል ጎርም በማግስቱ በውሳኔው ባይስማሙም እንደሚቀበሉት ለሕዝባቸው ተናገሩ። በ2013ቱ ምርጫ ግን ትራምፕ ከ60 የሚበልጡ ክሶች ቀርበው ውድቅ ሲሆኑም እንኳ አልቀበልም አሉ፤ በቴሌቪዥን ያየነው የዚያ ውጤት ነው።

እቴቴ «537?» አለች። «የአንድ ቀን ገበያተኛ እንኳ አይሞላም!» ጥቂት ቆየችና «እንግዲያው ጠቡ በእኛ ብቻ አይደለም። የትም አገር ገበያ ሰው ይጣላል። ቁም ነገሩ ሲጣሉ እንደገና የሚሰፍረው ማነው፤ የተጣሉትስ ያምኑታል ወይ? ነው» አለች። እኔ በዲፕሎማ ትምህርቴ የተማርኩትን ሁሉ አክስቴ በአንድ ቁና ሰፈረችው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ሰማች። በ1997ቱ ምርጫ ከቅንጅት መሪዎች አንዷ የነበሩት፣ ከዚያም የታሰሩት፣ በ1999 በይቅርታ ተፈትተው በ2001 እንደገና ታስረው በ2003 የወጡት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ከኅዳር 2011 ጀምሮ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ መሆናቸውን በሬዲዮ አዳመጠች። (በ2015 ዓ.ም. ከኃላፊነታቸው ለቀዋል።) «ያቺ የታሰረችው ልጅ ናት አሁን ቁናውን የያዘችው?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ዜና ትከታተል ጀመር።

እኔም የሴቶችን ነገር አጫወትኳት። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ዘመን እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝቡ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚያ ምርጫ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። እቴቴ የተወለደችው በዚያው ምርጫ ጊዜ ገደማ ነው። «እንዲያስ ከሆነ እኩያዬ ነው» አለች፤ መብቷን ማለቷ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። እኔ ለጋዜጣ ሥራ ስዞር ውዬ አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እቴቴ የለችም። ነጠላዋን ለብሳ ከቀትር ጀምሮ ሰልፍ ላይ ኖራለች። የዚያን ዕለት ሰልፉ ስለ በዛ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተራዝሞ ነበር። ምርጫው እንከን አልነበረበትም አልልም። በትግራይ ምርጫ አልተደረገም፤ በሌሎች ብዙ አካባቢዎችም በጸጥታና በሌላ ምክንያት ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል። አቤቱታ ያቀረቡ ፓርቲዎችም ነበሩ። እቴቴም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ከ16 ዓመት በኋላ ጣቷን አስነክታ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን እንኳ ቁርስ ሳታበላ «ነይ አንብቢልኝ» ብላ ወደ ጣቢያው ጎተተችኝ። ውጤቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። የእያንዳንዱን ስምና ቁጥር ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ብዙ ድምፅ ያገኘ አለ፤ በጣት የሚቆጠር ያገኘም አለ። እርሷ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ስጨርስ «አንዱንም አልዘለልሽም?» አለችኝ። «አልዘለልኩም» አልኳት። «በይ እንግዲህ፣ እዚያ ውስጥ አለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ከየትኛው ቁጥር ውስጥ እንዳለች ግን ዛሬም አልነገረችኝም።

ውድ እናቶች፤ የመረጥነው ቢያሸንፍ ደስ ይለናል፤ ቢሸነፍም ቤታችን ገብተን ልጆቻችንን እናሳድጋለን። የማንችለው ተቆጥረን እንደሆን ሳናውቅ መቅረትን፣ በቆጠራው ጠብ ደግሞ ልጆቻችንን መገበርን ነው። እንግዲህ በየሰፈራችን ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ሄደን እናንብብ፤ ማንበብ ለማይችሉት እናቶቻችንም ጮክ ብለን እናንብብላቸው። ልጆቻችንም አጠገባችን ቆመው ይስሙ።