ሐታ፦ ስሙን የጻፈ ተራራ

ከዱባይ ወደ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ አሸዋው ያልቅና የሐጀር ተራሮች ይመጣሉ። ሐታ የዱባይ ናት፤ ከዱባይ ጋር ግን አትዋሰንም፤ ጎረቤቶቿ የዓጅማኗ መስፉት፣ ራስ አል-ኸይማና ኦማን ናቸው። የዱሮ ስሟ ሐጀረይን ነበር። መጀመሪያ ስሰማው «ሀገር» መስሎኝ ደስ አለኝ። ሐጀር ግን በዓረብኛ ድንጋይ ነው፤ ሐጀረይን ደግሞ ሁለት ድንጋዮች። የሰው ጆሮ እንዲህ ነው፤ የማያውቀውን ስም ወደ ቤቱ ስም ይጎትታል።

በ1896 (እ.ኤ.አ.) ከተሠራው ምሽግ አጠገብ ያሉት ክብ ማማዎች በራቸው ከመሬት ከሰው ቁመት በላይ ነው። ዘበኞቹ በገመድ ይወጡ ነበር። እነዚህ ትናንት የተሠሩ ናቸው፤ ወደ ጀበል አል-ያምህ የሄደ ግን የነሐስ ዘመን መቃብሮችን ያገኛል፤ ጠቋቁረው የተከመሩ፣ ከተራራው ፍርስራሽ በቀላሉ የማይለዩ ድንጋዮች። በዚህ አገር የእንዲህ ያለ መቃብር መጠሪያ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ አንዱ ዘመን «ሐፊት» ከአል-ዐይን ተራራ፣ ሌላው «ኡም አን-ናር»፣ የእሳት እናት፣ ከአቡ ዳቢ ደሴት። የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች ሁለቱንም ቦታ የቆፈሩት ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው።

እኛ ዘንድ ስሙ ከቆፋሪው ቀድሞ ይደርሳል። የጢያን ትክል ድንጋይ ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ይለዋል፤ ግራኝ አሕመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ድንጋዩ ግን ከእሱ በፊት የቆመ ነው። አክሱም ያለው የዱንጉር ሕንፃም «የሳባ ቤተ መንግሥት» ይባላል፤ ዕድሜው ግን ከንግሥተ ሳባ ዘመን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያንሳል። ያስገረመኝ፣ በራስ አል-ኸይማ ሺማል ተራራ ላይም የመካከለኛው ዘመን ፍርስራሽ ቀስር አል-ዘባእ ተብሎ ሲጠራ ጎብኚዎች «የሳባ ቤተ መንግሥት» ይሉታል። ንግሥታችን ባሕሩን ተሻግራ እዚህም ቤት አላት ማለት ነው! ቀኑ ባይገጥምም እንዲህ ያለውን ስም አልንቀውም፤ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ ነውና። «የሐፊት ዘመን» የሚለው ግን መደርደሪያ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስለኛል።

ወደ ሐታ ልመለስ፦ ዓርብ ከሰዓት፣ የዕረፍት ቀናቸው የሆነ፣ እዚህ አገር የሚሠሩ ልጆቻችን በሐታ ግድብ ዳር ፎቶ ይነሳሉ። የሚፈልጉት ተራራው ላይ የቆመውን፣ 19 ሜትር ቁመት ያለውን ነጭ «ሐታ» የሚል ጽሑፍ ነው።