ግራ እግር የሚጠይቅ መኪና

በአገራችን መኪና መጓጓዣ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ሲያመጣ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በአዲሱ ዕቃ ሲደሰቱ ያዩ ሰዎች መንግሥታቸው ከዘመኑ ጋር ሊራመድ መቁረጡን ተረድተዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ያስወጣቸው በቮልስዋገን የኋላ ወንበር አስቀምጦ ነው፤ ሮልስ ሮይስ ለለመዱ ንጉሥ መኪናዪቱ ራሷ አዋጅ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ካምቢዮ ብጽፍ፣ ውድ አንባቢ፣ ከአገር ጉዳይ ሸሸ እንደማትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

መኪናው የአባቴ ነው። ጀርመኖቹ ደብልዩ 123 የሚል መለያ የሰጡት መርሴዲስ ሲሆን፣ ከ1976 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ከዚሁ ዓይነት 2.7 ሚሊዮን ያህል ተመርቷል። የእኛው ግን ከብዙዎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ኦቶማቲክ ነው። ነበር ማለት ይሻላል። በልደታ ኮንዶሚኒየም ከሕንፃችን ሥር ለዓመታት ቆሞ የኖረው ይህ መኪና ባለፈው ዓመት ወደ ማኑዋል ተቀይሯል።

ምክንያቱን ለማስረዳት የኦቶማቲክ ካምቢዮን ጠባይ ጥቂት ማውሳት ያስፈልጋል። በማኑዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውም የሚያለያየውም ፍሪሲዮን ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚያዘው ደግሞ የሹፌሩ ግራ እግር ነው። በኦቶማቲክ መኪና ግን የፍሪሲዮኑን ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ዕቃ ይይዘዋል። ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፤ ዘይቱ ካምቢዮውን ያሽከረክራል። ማርሹ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው የዘይቱ ግፊት ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሬን ይይዛል፣ መሪውን ያዞራል፤ የቀረውን ውስጥ ያለው ሥርዓት ይጨርሰዋል። ሥርዓቱ ደኅና እስከሆነ ድረስ ማንም አያስታውሰውም።

የእኛው ሥርዓት ደኅንነቱን አጣ። መጀመሪያ ሁለተኛው ማርሽ እየዘገየ መጣ፤ ቀጥሎ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው መንቀሳቀስ አቃተው፤ በመጨረሻ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር መሽተት ጀመረ። ያልዞርንበት ጋራዥ የለም። ሞተር በጨለማ ፈትተው የሚገጥሙ ባለሙያዎች ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሲያዩ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ውስጡ ያሉት ስስ ሸራዎችና ጎሚኒዎች ከውጭ መምጣት አለባቸው፤ ለዚያ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ምንዛሪው ቢገኝም ገጣጥሞ ግፊቱን የሚለካ ሰው መገኘት አለበት። ማኑዋል ካምቢዮ ግን ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ የሚያድሰውም ሰው በየሰፈሩ አለ።

መቀየሩ ራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። መካኒካችን ከተጋጨ ተመሳሳይ መኪና የወጣ ካምቢዮ አገኘ። ኦቶማቲኩ በሞተሩ ጫፍ ያለው ስስ ብረት ስለሆነ እሱ ወጥቶ ቮላኖ የሚባለው ከባድ ብረት ተተካ፤ ሚዛኑ ካልተስተካከለ ሞተሩን አንቀጥቅጦ ስለሚጨርሰው ወደ ባለሙያ ተወሰደ። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ ተገጠመች። ፔዳሎቹ ከሁለት ወደ ሦስት አደጉ፤ የፍሪሲዮን ፖምፓ ገባ። ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ረጅም ዘንግ ተለክቶ ቶርኖ ቤት ደረሰ። ካምቢዮውን የሚሸከመው ብረት ቦታው ተቀየረ። ማርሹ በፓርኪንግ ወይም በዜሮ ካልሆነ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክለው የኤሌክትሪክ መስመርም ተቀጠለ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ... ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው ሊገዛን አልቻለም፤ ጋራዣችን ውስጥ ግን ዛሬም በእሱ ቋንቋ እንነጋገራለን። ያለፈ ሥርዓት የሚተወው ነገር ሁልጊዜ ሐውልት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ደስ የሚል ነው። በባዕድ ዕቃ ላይ የነበረን ጥገኝነት ቀርቶ፣ በራሳችን እጅ የሚጠገን መኪና አገኘን። ጎረቤቶቻችንም በአንድ ድምፅ «ቀይሩት» ብለውን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ አባቴ ኦቶማቲክ መኪና የገዛው ለምቾት አልነበረም።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ጅጅጋን ከሶማሊያ ወራሪ ሠራዊት ሲያስለቅቅ፣ አባቴ በካራማራ ግንባር ከተሰለፉት አንዱ ነበር። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እንደ ልብ አይታዘዝለትም። አገሩ በየዓመቱ የካራማራን ድል ስታስብ እሱም ያስባል፤ ልዩነቱ እሱ በየቀኑ ደረጃ ሲወጣም የሚያስብ መሆኑ ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም። ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከቤተ ክርስቲያን፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከገበያ ያደረሰው ያ ማንም የማያስታውሰው የዘይት ግፊት ነበር።

ስለዚህ መኪናውን ማዳን ማለት መኪናውን ከባለቤቱ መንጠቅ ማለት ነበር። ይህን ስነግረው አባቴ ጥቂት ዝም አለና «እኔን ሲጠብቅ ቆሞ ዝጎ ከሚያልቅ፣ ያለ እኔ ይሂድ» አለ። ንግግሩ የወታደር ነው፤ ለብዙኃኑ ሲባል አንዱ ይቀራል። እኔ ግን በዚህ አባባል መስማማት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ይህን ዐረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

የምንኖርበት ሰፈር ራሱ የዚህ ዐረፍተ ነገር ውጤት ነው። የድሮው ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) ሲፈርስ የተነገረው ምክንያት እውነት ነበረው። ጭቃ ቤቶቹ አርጅተው ነበር፤ ሽንት ቤት በጋራ ነበር፤ ከተማው ቤት ይፈልግ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሴ የሚለው በር ሰጥቷል፤ እኔም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን በመላው ከተማ የተሠሩት አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች አሳንሰር የላቸውም። ዕጣው አራተኛ ፎቅ ለደረሰው አካል ጉዳተኛ ወይም አረጋዊ ቤቱ የእሱ ነው፤ ደረጃው ግን የሌላ ሰው ነው። ንድፉን የሠራው ባለሙያ ክፉ ሰው አልነበረም። ወጪውን ሲያሰላ በአእምሮው የነበረው ነዋሪ ሁለት ጤነኛ እግሮች ነበሩት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ብዙውን ጊዜ ፖለቲካችንም እንዲህ ነው የሚሰላው። ለውጡ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብለን እንከራከራለን፤ አንዳችን ለውጥ አራማጅ ሌላችን አድኃሪ ተባብለን እንለያያለን። ለውጡ የሚጠይቀው እግር የሌለው ሰው ምን ይሁን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን አይገኝም፤ ቢገኝም ሥራ አጓታች ይባላል።

እኔም መካኒኩ ዘንድ ሄጄ ሥራ አጓተትኩ። «ፍሪሲዮን በእጅ አይያዝም ወይ?» አልኩት። ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ቮልስዋገን ከ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ማርሹ በእጅ የሚቀየር የፍሪሲዮን ፔዳል ግን የሌለው መኪና ሠርቶ ሸጧል። ሹፌሩ የማርሹን ዘንግ ሲነካው በውስጡ ያለ ማብሪያ ፍሪሲዮኑን ይለቀው ነበር። መካኒኩ ራሱን አከከና መጀመሪያ ከመሪው ሥር በግራ እጅ የሚሳብ ዘንግ አሰበ፤ ወዲያውኑ ግን «አይሆንም፤ ግራው ፍሪሲዮን፣ ቀኙ ማርሽ ከያዘ መሪውን ማን ይይዛል?» ብሎ ሐሳቡን ጣለው። በመጨረሻ የብስክሌት ፍሬን የመሰለ እጀታ በማርሹ ዘንግ ላይ አሰረ፤ እጀታው ሲጨበጥ ትንሽ ፖምፓ ዘይቱን ይገፋል፤ ፔዳሉም እንዳለ ለእኔ ቀረ። ተጨማሪው ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ፍጹም መፍትሔ ነው አልልም። እጀታው ይከብዳል፤ ዳገት ላይ ማስነሣት ያስቸግራል። አባቴም እስካሁን የሚነዳው በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ግቢ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነው። በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ ቀይሮ፣ ቀስ ብሎ ሲለቀው አይቻለሁ። ባለሙያዎች መርምረው ሳይፈቅዱ አስፋልት እንደማይወጣ ተስማምተናል፤ ይህንንም ያለው እሱ ነው፤ ወታደር ነውና ደንብ ያከብራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። በዚህ ረገድ የ2016ቱ ውሳኔ ለአባቴ ዓይነት ሰዎች ከማንም በላይ የሚመች ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን በጡረታ የሚኖር የጦር ጉዳተኛ እንዲህ ያለውን መኪና በምን አቅሙ ይገዛዋል? አዲሱ ዘመን ግራ እግር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቅ ይሆናል።

ስለዚህ በየአዋጁና በየፕሮጀክቱ ፊት አንድ ተራ ጥያቄ እንድናስቀድም እመክራለሁ፤ ይህ ነገር ከሰው ምን ይጠይቃል? የተጠየቀውን የሌለው ሰውስ የት አለ? መልሱ ሥራውን ሁለት ሳምንት ቢያዘገየው፣ ሁለት ሳምንት ለአንድ አገር ብዙ አይደለም።

ቸር እንሰንብት።