ከለንደን የተላከው ፒያኖ

የድሮ ፒያኖ ያየህ እንደሆነ፣ ወዳጄ፣ ለመነካካት አትቸኩል፤ መጀመሪያ ከቁልፎቹ በላይ የተጻፈውን የሠሪውን ስም አንብብ። እኔ «ብሮድዉድ፣ ለንደን» የሚል ሳገኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ከዚህ ፒያኖ ሠሪ ድርጅት ባለቤቶች አንዱ የሆነው ቶማስ ብሮድዉድ በ1817 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባለስድስት ኦክታቭ ፒያኖ ለሙዚቃ ደራሲው ቤትሆቨን በስጦታ ላከለት። አምስት የለንደን ሙዚቀኞች፣ የጋብቻ ውል ላይ እንደሚፈርሙ ምስክሮች፣ ስማቸውን አኑረውበታል። መንገዱስ ብትል! በመርከብ እስከ ትሪየስቴ፣ ከዚያ በጋሪ ተራሮችን አቋርጦ እስከ ቪየና። ይህን ሁሉ ችሎ መድረሱ እስካሁን ይደንቀኛል።

ቤትሆቨን ግን ያኔ ጆሮው ከድቶታል። ድምፁን ፍለጋ ቁልፎቹን ሲደበድብ ይውላል። በ1824 እ.ኤ.አ. ሊጠይቀው የሄደ እንግዳ ክዳኑ ሲከፈት ያየው የተበጣጠሱና የተመሰቃቀሉ ክሮችን ነው። አንጀት ይበላል።

ቤትሆቨን ካረፈ በኋላ ፒያኖው ለጨረታ ወጣ። ስፒና የተባለ የቪየና ሙዚቃ ነጋዴ ገዛው። ሸጦ ቢያተርፍበት ማን ይከለክለው ነበር? እሱ ግን ለፒያኖ ተጫዋቹ ፍራንዝ ሊስት ሰጠው፤ እንዲህ ያለ ነጋዴ ይባረክ። ሊስትም በተራው ለሃንጋሪ ብሔራዊ ሙዚየም አበረከተው። ቡዳፔስት ከሄድክ ሳታየው እንዳትመለስ።