ኮምፒውተሩስ ይገዛል

ዋጃን ለማታውቁ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ፣ ፀሐይ የማትሰስትባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። አዲስ አበባ ላይ እንደማንኛችሁም የታክሲ ሰልፍ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ዋጃ ስገባ ግን ሐኪም እሆናለሁ። ቦርሳዬን ሳላወርድ ሕመምተኞች ይሰለፋሉ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ፣ "ሲያስብ ይውላል" የተባለ ላፕቶፕ፣ "ትናንት ደህና ነበር" የተባለ ፍላሽ። ጎረቤቱ ሁሉ "ኮምፒውተር የተማረው መጣ" ይላል። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ መሆኑን ብናገርም ሰሚ የለኝም።

ሐኪም ከተባልኩ አይቀር እናንተም ወረፋ ያዙ። ምክሩ በነፃ ነው። አንደኛውን ምክር ግን እኔ ራሴ የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው፤ እሱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ሕመምተኛ የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነውና ዓይኑ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ነው። "አጎቴ፣ ዊንዶውስ 10 ሞተ ተብሏል፤ በዜና ሰማሁ። ይሄ ከእንግዲህ አይሠራም" አለኝ፣ መርዶ ነጋሪ መስሎ።

ዜናው ሐሰት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ያ ማለት ግን በጥቅምት 5 ንጋት ኮምፒውተራችሁ አልነሣም ይላል ማለት አይደለም። የቆመው ጥገናው ነው፤ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም። ለተመዘገበ ሰው ደግሞ ለአንድ ዓመት ያህል የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል። ችግሩ ተተኪው ዊንዶውስ 11 መራጭ መሆኑ ነው። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ አልፎም ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መለያ ካላየሁ አልገባም ይላል። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረን በሬ መታወቂያ አምጣ እንደማለት ነው። በሬው ግን አሁንም ያርሳል።

እኔም ካቻቢቴ አስመጣሁና የላፕቶፑን ሆድ ከፈትኩት። ከማራገቢያው የወጣው አቧራ ጤፍ ሊዘራበት ይችል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የዋጃን የቀትር ሙቀት ችሎ፣ አቧራ ጎርሶ፣ በዚያ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ፊልም የሚያሳይ ላፕቶፕ ቢዘገይ ምን ያስወቅሰዋል? እኛስ በዚያ ሰዓት ከጥላ ሥር መች እንነሣለን? ሁለተኛው በሽታ ሃርድ ዲስኩ ነበር። በአብዛኞቹ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ የምትፈልጉትን ፋይል ለማግኘት መርፌው ሳህኑ ላይ መሮጥ አለበት። በኤስኤስዲ ተካሁለት፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ፋይሉን ለማግኘት መሮጥ አያስፈልገውም። ልጁ መልሶ ሲያበራው ዝም አለ። ዝም ያለው ፈጥኖበት ይሁን አዲስ ኮምፒውተር ስለቀረበት አልገባኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። የቴክኖሎጂ ዜና ስትሰሙ ኪሳችሁን ያዙ። ዘንድሮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሌለው ላፕቶፕ እንደ እርቃን እየታየ ነው፤ የዚሁ አስተውሎት ማዕከላት ራሙን እየሻሙት ዋጋው ንሯል። ከመግዛት በፊት ማጽዳት፣ ከመጣል በፊት ሃርድ ዲስኩን መቀየር፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን መንቀል። መብራቱ ሲመለስ እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ሕመምተኛ የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ በፍላሽ ይዘውት መጡ። በ1990ዎቹ የተተየበ ነው፤ ሲከፈት ግን ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የጥያቄ ምልክት ድብልቅልቅ ያለበት ነው። "ቫይረስ በልቶት ነው?" አሉኝ። አልበላውም። ያለው እዚያው ነው፤ ማንበብ ያቃተን እኛ ነን።

በዚያ ዘመን በኮምፒውተር የጻፋችሁ ታስታውሳላችሁ። የፓወር ግዕዝ፣ የቪዥዋል ግዕዝና የሌሎችም የድሮ እትሞች እያንዳንዳቸው "ሀ"ን የሚያስቀምጡበት የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈው ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እንቶ ፈንቶ ይሆናል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ላይ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ345 ምልክቶች። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ "እንዴት አደራችሁ" ስትጻጻፉ ሳይበላሽ የሚደርሰው "ሀ" በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ቁጥር ስላላት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በዕድሜዬ ካየሁት የሶፍትዌር ዜና ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ሲወጣ ግን ማንም አላጨበጨበም።

የድሮውን ፎንት ፈልጌ ጫንኩትና ደንቡ ከተኛበት ተነሣ። ጸሐፊው መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ፤ ከመሥራቾቹ ስም ዝርዝር ሲደርሱ ቆም አሉ። አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። "ይሄንን አጥተን ቢሆንኮ!" አሉ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ የድሮ ፋይል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የአባታችሁ ደብዳቤ ካለ፣ የሚያነበው ፎንት ጨርሶ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ አዙሩት። አንዱንም በወረቀት አትሙት። ወረቀት ዊንዶውስ አይጠይቅም።

እንዲህ እየመከርኩ ስውል እናቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማኛለች። ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ የአባቴን ስልክ ከሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ። "እስቲ ይሄንንም እየው።"

ዋጋ የከፈልኩበት ምክር ይሄ ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ኔትወርክና መብራት በጠፋባቸው ወራት አባቴ ለእኔ ይደውልልኝ ነበር። ማለቴ፣ የሚደውል መስሎት ሳይሆን፣ ስልኩ ድምፅ እንደሚቀዳ የእህቴ ልጅ አሳይቶት ስለነበር። ስልኩን በሶላር እየሞላ፣ ማታ ማታ ደጅ ተቀምጦ፣ ሊነግረኝ የፈለገውን ይቀዳልኝ ነበር። ኔትወርኩ ተመልሶ ቤት ስገባ "አሥራ አንድ ናቸው፤ ሲመችህ ስማቸው" አለኝ። ሁለቱን አብሬው ሰማሁ። የቀሩትን በኋላ እሰማለሁ ብዬ ተውኳቸው። አባቴ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። እኔም ድምፁን ለመስማት አልደፍር ብዬ ዓመት አለፈ።

ያን ማታ ሜሞሪ ካርዱን ከፈትኩት። አሥራ አንዱም ተደርድረዋል። ስልኩ የሰጣቸው ስም በፈረንጅ ቀን ነው። 20211003 የሚለውን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየርኩት፤ መስከረም 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። እናቴ "ማሽላው ራስ የሚያወጣበት ጊዜ ነው" አለች። ተጫንኩት። አልከፈተም። ቀጣዩን ሞከርኩ፤ አልከፈተም። አንዱም አልከፈተም። ስማቸው አለ፤ ድምፁ የለም።

ካርዱን የገዛሁለት እኔ ነኝ። "64 ጊጋ" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ዋጋው ግን የ8 ጊጋ ያህል እንኳን አይሆንም ነበር። ያኔ ጎበዝ ገዢ ነኝ ብዬ ተደስቼ ነበር። እንዲህ ያሉ ካርዶችን የሚሠሩት ትንሹን ካርድ ትልቅ ነኝ ብሎ ለስልኩ እንዲዋሽ አድርገው ነው። ስልኩም ያምነዋል። እውነተኛው ቦታ ሞልቶ ሲያልቅ አዲስ የሚገባው በድሮው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም ሳይቀመጥ ይቀራል። ዝርዝሩ ላይ ሁሉም ያለ ይመስላል። በእኛ ካርድ ላይ ከአባቴ በኋላ ልጆቹ ዘፈንና ፊልም ጭነውበታል። ልጆቹ ምን ያውቃሉ? ማወቅ የነበረብኝ "ኮምፒውተር የተማረው" እኔ ነበርኩ።

ፋይል የሚያስመልሱ ሶፍትዌሮችን ሌሊቱን ሙሉ ሞከርኩ። የተሰረዘን ፋይል ሊያስመልሱ ይችላሉ፤ በላዩ ሌላ የተጻፈበትን ግን ምንም አያስመልሰውም። ጠዋት ላይ ለእናቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ሳለ የወንድሜ ልጅ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ስልኳን ይዛ መጣች። "አጎቴ፣ አብሽር፣ አንደኛዋ እኔ ጋ አለች" አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በብሉቱዝ ወስዳዋለች። ለምን እንደወሰደችው ስጠይቃት "ስለሚያስቀኝ ነዋ!" አለች።

ከፈተችልን። አባቴ ስለ በሬው ሳል ይነግረኛል፤ ከዚያ "በል ደህና ሁን" ይላል። ግን ማጥፋቱን ይረሳዋል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ መቅዳቱን ይቀጥላል። ሲራመድ ይሰማል፤ ዶሮ ሲያባርር፤ ማሽላው ላይ በሰፈሩት ወፎች ሲጮህ፤ ለእናቴ "ውኃ አምጪልኝማ" ሲል። አራት ደቂቃ ከምናምን ነው። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ትንሽ ቆይታ ወደ ማድ ቤቱ ጣሪያ አመለከተችኝ። ከምድጃው በላይ፣ ጭስ የጠጣ የማሽላ ራስ ተሰቅሏል። ነቀዝ እንዳይደርስበት ለዘር ተመርጦ የሚሰቀለው ነው። "የሚበላውን ጎተራ ታስገባለህ፤ ለዘሩ ግን ሌላ ቦታ ትፈልግለታለህ። ይሄንን አባትህ አላስተማረህም?" አለችኝ። አስተምሮኛል። ኮምፒውተር ላይም ያው እንደሆነ ነው የረሳሁት።

እናም የመጨረሻው ምክሬ ይህ ነው። ርካሽ ካርድ ወይም ፍላሽ ስትገዙ ዕለቱን እስኪሞላ ጫኑበት፤ ከዚያ ከመጀመሪያዎቹም ከመጨረሻዎቹም ፋይሎች ጥቂት ጥቂቱን ከፍታችሁ እዩ፤ ካልከፈቱ ውሸታም ነውና መልሱት። መልሶ የማይገኘውን ነገር፣ የሰርግ ፎቶውን፣ የልጁን የመጀመሪያ ንግግር፣ የወላጆቻችሁን ድምፅ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንደኛው ከቤታችሁ ውጭ፣ ዘመድ ጋ ይሁን። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ክፈቱና መኖሩን አረጋግጡ። ላፕቶፑስ ይገዛል፤ ዊንዶውሱም ይቀየራል።

የአባቴ አራት ደቂቃ አሁን አምስት ቦታ ይገኛል። የወንድሜ ልጅ ስልክ ላይ ያለው ግን ዋናው ነው ብለን ተስማምተናል፤ እንዳታጠፋውም በእናቴ ፊት አደራ ተቀብላለች።